ለባሰበት የተተወው ቤት

ባለፈው ወር አንዲት መምህርት ቡሬ ድረስ ፈልጋኝ መጣች። ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው። የጥናቷ ርዕስ ጥቅማጥቅም በዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች የሥራ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ ነው። «ዕድሜያቸውን ጥቅማጥቅም ሲያድሉ የጨረሱ ሰው አሉ» ብለው ነው ወደ እኔ የላኳት። እንዲህ ሲባል የቀበሌ ስኳር ሳድል የኖርኩ ነው የሚመስለው። መቼም ደስ አለኝ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለቁም ነገር የሚፈልገኝ ሰው አልነበረም።

መጠይቁ ላይ ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሳጥን ተደርድሯል። ሰርቪስ መኪና፣ ሕክምና፣ የትምህርት ዕድል፣ ሁሉም ላይ ምልክቴን ሳላቅማማ አደረግሁ። «የመኖሪያ ቤት ማግኘት የሠራተኛውን የሥራ ውጤት ያሻሽላል» የሚለው ላይ ስደርስ ግን እጄ ቆመ። የእኔን ውጤት አሻሽሎታል፤ በጣም እስማማለሁ። ያው ቤት ደግሞ የሌላ ሰው ሥራ አበላሽቷል። ለዚህ የሚሆን ሳጥን አልነበረም። «ጋሼ፣ አንዱን ብቻ ነው የሚመርጡት» አለችኝ በትሕትና። ባዶውን ትቼ መለስኩላት። እሷ ሄደች፣ ነገሩ ግን አልሄደልኝም። ይኼን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ስሜነህ እባላለሁ። ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ቡሬ መዝገብ ቤት ነው። ከዚያ ሰከላ፣ ከሰከላ ዱርቤቴ፣ ከዱርቤቴ ፍኖተ ሰላም ተዛወርኩ። ስለ ደመወዙ ባልናገር ይሻላል፤ ሰላሳ ምናምን ዓመት አጉረምርሜበታለሁ፣ ይበቃዋል። ሰከላ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሳለሁ ግን አንድ ነገር አየሁ። ግሽ ዓባይ አካባቢ የሚመደብ አዲስ መምህር ቀበሌው ቤት ከፈለገለት ይከርማል። ካልፈለገለት «ጥምቀትን ከቤተሰቤ ልዋል» ብሎ ይወርድና በዚያው ይቀራል። አለቃዬ የሄደውን ሁሉ «ሥራ የሚጠላ» እያሉ ይረግሙ ነበር። እኔ ደግሞ ማደሪያ የሌለው ሰው ሥራ የሚወደው በምን አንጀቱ ነው እላለሁ፣ በልቤ። አፍ አውጥቶ የመናገር ልማድ የለኝም። ይኼ ጠባዬ ኋላ ሰው ጎድቷል።

በመጨረሻ የተቀጠርኩት ፍኖተ ሰላም አጠገብ በነበረ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ስሙን ልተወውና ግቢው እያልኩ ልቀጥል። እዚያ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ የነበሩት ጋሽ አለኸኝ ናቸው ሥራ ያስተማሩኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኮታቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ሠራተኛ ሲገባ ከወንበራቸው ተነሥተው ከጠረጴዛው ወዲህ መጥተው ከጎኑ ይቀመጣሉ። «ጠረጴዛ በመሀል ካለ ሰው የሚነግርህ ለጠረጴዛው ነው» ይሉኝ ነበር።

የሰዓት ፊርማ መዝገብ እንዴት እንደሚነበብ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ማን አረፈደ ብዬ ነበር የማየው። እሳቸው ፊርማውን ራሱን ያያሉ። ሮጦ የመጣ ሰው ፊርማ ከመስመሩ ይወጣል፤ ተረጋግቶ ያረፈደ ሰው ፊርማ ግን ቁልጭ ያለ ነው። «ይኼኛውን ውቀሰው፤ ያንን ግን ምን ሆነህ ነው በለው» ይላሉ። የፈቃድ ማመልከቻም እንዲሁ ነው። ሁሉም «ለግል ጉዳይ» ብሎ ይጽፋል። ያው ሰው በየሳምንቱ ረቡዕ ረቡዕ የግል ጉዳይ ካለው ግን ሐኪም ቤት የሚመላለስ በሽተኛ አለው ማለት ነው። ከየማኅደሩ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ ሁለት ሦስት ቃል ይጽፋሉ። «አባት አይነ ስውር።» «ወንድሙን ያስተምራል።» ሌላ ሰው ቢያየው ምንም የማይመስለው፣ ለእሳቸው ግን ደንብና መመሪያው ሁሉ ያ ነበር።

ከሁሉም በላይ ያስገርመኝ የነበረው አጠያየቃቸው ነው። ጥቅም ሲመጣ፣ ቤት ይሁን የሥልጠና ዕድል ወይም ቀለል ያለ ፈረቃ፣ የሚገባውን ሰው ሦስት ጊዜ ይጠይቁታል። አንዴ ቢሮ፣ አንዴ መንገድ ላይ፣ ሦስተኛውን ሰውዬው ቤት ሄደው። የእኛን አገር ሰው የሚያውቅ ይገባዋል። ጎጃም ውስጥ እንግዳ ቀርቦለት «እሺ» ብሎ አይጎርስም። አንዴ «በልቻለሁ» ይላል፤ ሁለተኛ «ኧረ አሁን ነው የበላሁት» ይላል፤ ሦስተኛ «በሞቴ» ሲባል እጁን ይታጠባል። አንዴ ጠይቆ ሌማቱን ያነሣ ባለቤት ስሙ በመንደሩ ይጠፋል። ጋሽ አለኸኝ ይኼን ወግ ቢሮ አስገብተውት ነበር።

አንድ ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ጥሩዓለም በወለደች በሦስተኛው ወር ቀን ቀን ብቻ እንድትሠራ ፈቀዱላት። «ኧረ እኔ ምን ሆኜ፤ ሌሎቹ ይድከሙ?» አለች። መንገድ ላይም ያንኑ አለች። በሦስተኛው ቤቷ ሄድን። ጋሽ አለኸኝ መደብ ላይ ተቀምጠው የቀረበላቸውን ጠላ ሳይነኩ «ጥሩዬ፣ በሞቴ፣ ተቀበይኝ» አሏት። ሴትየዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ከዚያ በኋላ እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድ ቀን ስትቀር አላየሁም፤ የመጻሕፍቱን ካርድ እንደ ልጆቿ ነበር የምታውቀው። ጥቅማጥቅም አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ ማለት ለእኔ ጥሩዓለም ናት።

በዚህ አሠራራቸው ግን ተወቅሰዋል። ቤት ለቤት እየዞሩ ጠላ እየጠጡ ጥቅም ያድላሉ ተባለ። ሐሜቱ ልክ አልነበረም፤ ሆኖም ሰውየው በእርሳስ የሚጽፉትን ማንም ሊመረምር አይችልምና ሐሜቱን ማስተባበያ አልነበራቸውም። ጡረታ ሲወጡ ቦታውን ለእኔ አስረከቡኝ፤ ከእኔ በላይ ደግሞ አዲስ ዳይሬክተር መጣ። ዶክተር ነው፤ ወጣት፣ ቅን፣ ሁሉም ነገር በግልጽ ይሁን የሚል። ክፉ ሰው አልነበረም። ነጥብ መስጫ አወጣ፤ ቅጽ አሳተመ። ቅጹ ላይ «እፈልጋለሁ» እና «አልፈልግም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች፣ ከሥር ፊርማ፣ ሦስት ቀን ገደብ። እኔም አመሰገንኩት። እውነቱን ለመናገር ቤት ለቤት መዞሩ ሰልችቶኝ ነበር።

ያን ዓመት አንድ መምህር ለትምህርት ውጭ ሲሄድ ግቢ ውስጥ አንድ ቤት ተለቀቀ። ሁለት ክፍል፣ የራሱ ቧንቧ ያለው፣ ከበስተኋላው የጓሮ ቦታ። ነጥቡ ሲደመር አንደኛ የወጣው ይኼነው ነበር።

ይኼነው የዘር ፍተሻ ክፍሉ ቴክኒሻን ነው። የአካባቢው ገበሬዎች የሚያባዙት የበቆሎ ዘር ከመከፋፈሉ በፊት ይበቅል እንደሆነ የሚፈትሸው እሱ ነው። አራት ጊዜ መቶ መቶ ፍሬ ይቆጥራል፤ እርጥብ ወረቀት ላይ ይደረድርና ይጠቀልለዋል። በአራተኛው ቀን ይፈታና ያያል፤ በሰባተኛው ቀን እንደገና። ጤነኛውን ቡቃያ ለብቻ፣ ጠማማውን ለብቻ፣ የበሰበሰውን ለብቻ በወረንጦ ያነሣል። አንድ ጊዜ ሲሠራ ቆሜ ሳየው አንድ ሥሩ የተሰበረ ቡቃያ ይዞ «ይኼ በቅሏል እንዳይሉ፤ አፈር ውስጥ አይወጣም» አለኝ። ለአንድ ፍሬ እንደዚያ የሚጠነቀቅ ሰው አላየሁም።

የሚኖረው ከማንኩሳ ወዲያ ገጠር ነው። አስፋልቱ ጋ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሩ ይሄዳል፤ ከዚያ እኔ ከቡሬ የምመጣበትን ሰርቪስ ይሳፈራል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ጨርሶ በእግሩ ነው። እናቱ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ከተኙ መቆየታቸውን የበሩ ጥበቃ ነግሮኝ ነበር። እህት የለውም፤ አላገባም። ማለዳ ማን እንደሚያነሣቸው መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።

ቅጹን በሁለተኛው ቀን መለሰልኝ። ሁለቱንም ሳጥን ባዶ ትቶ ከጎን «ለባሰበት ይሰጥልኝ» ብሎ ጽፎ ፈርሞበታል። ዶክተሩ አየውና ግራ ተጋባ።

«ጋሽ ስሜነህ፣ ይኼ ምን ማለት ነው? ይፈልጋል ነው አይፈልግም?»

በነጥቡ ሁለተኛ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ እታገኝ ሦስት ልጆች ይዛ ቡሬ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በየዓመቱ አከራይ እየለመነች ትኖራለች። ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ዶክተሩ ስሜን አይቷል፤ እኔም ማየቱን አይቻለሁ።

«ትቶታል» አልኩ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ጽፎ ፈርሟል እኮ።»

በሚቀጥለው ቀን ሰርቪሱ ማንኩሳ ሲደርስ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ነበር። ሁልጊዜ የምቀመጠው ኋላ፣ ይኼነው አጠገብ ነው። ገብቶ «እንዴት አደሩ ጋሼ?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ፊቴን ወደ መስታወቱ መለስኩ። ሁለተኛው መጠየቂያ ያ መንገድ ነበር። በሳምንቱ እቃችንን አይሱዙ ላይ ጭነን ገባን፤ እታገኝ ቧንቧውን ከፍታ ውኃው ሲወርድ እያየች እልል አለች። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ። አሁን ላይ ሆኜ ያ ደስታ ውሸት ነበር ብል ውሸቱ ይኼኛው ይሆናል።

በዚያ ዓመት አንድ ቀን አላረፈድኩም። የተከመረው ማኅደር ሁሉ ተስተካከለ፤ የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ ተብዬ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ልጆቼ ግቢው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አጥንተው ፈተናቸውን አለፉ። የይኼነው ምዘና ደግሞ በዚያው ዓመት ወረደ። ሁለቱንም ወረቀት እየሞላሁ ማኅደር ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ፊርማው ከመስመር እየወጣ ሄዶ ሄዶ ከታች ያለውን ሰው ስም ይነካ ጀመር። ጋሽ አለኸኝ ያስተማሩኝን አልረሳሁትም። አይቼ ገጹን ገለበጥኩት። ቀጥሎም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አዘጋጅቼ ሰጠሁት፤ «ደርሶኛል» ብሎ ፈረመ፣ እጅ ነሥቶኝ ወጣ።

በሁለተኛው ክረምት መግቢያ አያ ምናለ የሚባሉ ገበሬ ግቢው በር ላይ መጡ። በነጠላቸው ጫፍ አፈር ቋጥረው ነበር። ቢሮዬ ሳስገባቸው ፈቱትና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት፤ በአፈሩ መሀል የላሸቀ የበቆሎ ፍሬ አለ።

«በቅሏል ብላችሁ የፈረማችሁበት ዘር ነው» አሉኝ። «ዝናቡ ደግ ነበር። በሬዎቹም ደግ ነበሩ። እንግዲህ የቀረው ማን ነው?»

የሳቸው ብቻ አልነበረም። ከዚያ ዘር የወሰዱት ሁሉ ማሳቸው ራሰ በራ ሆነ። አንዳንዱ ገልብጦ ኑግ ዘራበት፤ አንዳንዱ ዝናቡ አመለጠው። ዘሩ መጋዘን ውስጥ እርጥበት አግኝቶት ኖሯል፤ ፍተሻው ላይ ሊታይ ይገባ ነበር። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ይኼነው ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ።

«ቆጥረኸዋል?» አለው ሰብሳቢው።

«አልቆጠርኩትም። በአራተኛው ቀን አርፍጄ ደረስሁ፤ ሌላ ሥራ ይጠብቀኝ ነበር። በሰባተኛውም አልሆነልኝም። የአምናው ደህና ስለነበር ገምቼ ሞላሁ።»

«ለምንድን ነው የምታረፍድ? የቤት ችግር አለብህ?»

«የሌለበት ማን አለ፣ ጌታዬ። ጥፋቱ የኔው ነው።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። የምናገርበት ጊዜ ያ ነበር። እናቱ የአልጋ ቁራኛ ናቸው፣ ቤቱ ለሱ ነበር የወጣው፣ ሳልጠይቀው የገባሁበት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እስክሪብቶዬን አንሥቼ «ምክንያት አላቀረበም» ብዬ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፍኩ። ያን መስመር የጻፈ እጅ ይኼው ነው፤ አሁንም በሱ ነው የምጽፍ።

ውሳኔው ሳይነገረው ይኼነው መልቀቂያ አስገባ። ወረንጦውን፣ ማጉያ መነጽሩን፣ የክፍሉን ቁልፍ በጨርቅ ጠቅልሎ አስረከበ። በሱ ቦታ የተቀጠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ቶሎ ለቀቁ፤ ክፍሉ ተዘግቶ ከረመ።

ጋሽ አለኸኝ ያኔ ፍኖተ ሰላም ነበሩ። ነገሩን ሰምተው አስጠሩኝ።

«ስንት ጊዜ ጠየቅኸው?»

«አንዴ። በቅጽ።»

«ቤቱን ማን ገባበት?»

«እኔ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ልጆቹ ደህና ናቸው?» አሉኝ። ደህና ናቸው አልኩ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ አስጠርተውኝ አያውቁም።

በዓመቱ የይኼነው እናት ሞቱ። ግቢው ሰርቪስ አውጥቶ ለቅሶ ደረስን። አንዲት ጎረቤት ለሴቶቹ ሲናገሩ ሰማሁ። ልጁ በየማለዳው እናቱን አጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ፣ አብልቶ፣ ገላቸው እንዳይቆስል አገላብጦ ነበር የሚወጣ አሉ። ወንድ ልጅ እናቱን አጠበ እንዳይባል በሩን ዘግቶ። ያንን ለኮሚቴ እንዴት ይናገር? ግቢ ውስጥ ያለው ቤት ቢሰጠው ኖሮ በሻይ ሰዓት ብቅ ብሎ ያያቸው ነበር። ከፍተሻ ክፍሉ እስከዚያ ቤት ያለው መቶ እርምጃ አይሞላም። እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ለሟቿ መሰለው።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያ ቤት ኖርኩ። መልቀቅ ነበረብኝ፤ ለማን ብዬ እለቃለሁ፣ እሱ የለም፤ ይኼም አንዱ ራሴን ያሞኘሁበት ነው። ቁልፉን አስረክቤ ቡሬ በተመለስኩ በጥቂት ወር ውስጥ ግን እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። መምህርቷ ከመጣች በኋላ ደግሞ ባሰብኝ። በሳምንቱ ማንኩሳ ወርጄ፣ እያረፍኩ፣ ይኼነው በየቀኑ ሲመላለስበት የነበረውን መንገድ ሄድኩት። በትሬን ተመርኩዤ ነው የደረስኩት።

አግብቷል፤ ሁለት ልጆች አሉት። ደጁ ላይ ወንፊት ይዞ የጎረቤት ዘር ይለቅማል። አገሩ ሁሉ ዘሩን ለሱ ነው የሚያሳይ አለችኝ ሚስቱ፤ አያ ምናለ ሳይቀሩ። እግሬን ሊያጥብ ውኃ አመጣ፤ እምቢ አልኩ፤ እሱም እምቢ አለ፤ አጠበኝ። እንጀራ ቀርቦ ስንጨርስ ተናገርሁ።

«ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ስለ ቤቱ።»

«ኧረ ተዉ ጋሼ። ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።»

«ኮሚቴው ፊትም ዝም አልኩ።»

«ምን ያድርጉ፤ ሥራ ነው። ይልቅ ይጫወቱ።»

ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ተጫወትን። ሸክሙ የወረደልኝ መሰለኝ። ስነሣ ወግ ነውና ሊሸኘኝ ወጣ፤ በትሬን ተቀብሎ ክንዴን ደግፎ እስከ አስፋልቱ ድረስ መጣ። መኪና እየጠበቅን ቆመን ሳለ፣ ወደ ቡሬ አቅጣጫ እያየ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ያን ቤት እፈልገው ነበር።»

እድሜ ልኩን አንድም ነገር እፈልጋለሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«አንቱ ያውቁ ነበር?»

አላውቅም ነበር ብዬ ብመልስለት ያምነኛል። ያ ደግሞ ሌላ ቤት መቀማት ነው።

«አውቅ ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ሚኒባሱ ቆመልን፤ በሩን ከፍቶ አስገባኝና በትሬን አቀበለኝ።

«እናቴ ‘ያ ሰው አውቆ ነው’ ትለኝ ነበር» አለ። «እስክትሞት ድረስ ስከራከርልዎ ነው የኖርሁ።»